የዲዮን ሳንደርስ ፈተና፦ አምስቱ ግዙፎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ዲዮን ሳንደርስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ዝናውን እንጂ ሥራውን አላሳየም። ሰውዬው በአሜሪካ ፉትቦል የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ እግር በእግር የሚከታተል ኮርነርባክ ነበር፤ ከሳንፍራንሲስኮና ከዳላስ ጋር በተከታታይ ሁለት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ) አንስቷል። በአሠልጣኝነት በጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ 27 አሸንፎ 6 ተሸነፈ።

ቀጥሎ የሄደበት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ነው። የተረከበው 2022ን (በፈረንጆቹ) በ1 ድልና በ11 ሽንፈት የጨረሰ ቡድን ነበር። ብዙ ነባሮችን አሰናብቶ በዝውውር ተካቸው። በ2023 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸነፈ፤ መጨረሻው ግን 4 ድልና 8 ሽንፈት።

ምክንያቱ? ፈጣን ተቀባይ በአንድ ክረምት ይገኛል። ኳስ ወርዋሪውን ከፊት የሚጠብቁት አምስቱ ግዙፎች ግን አብረው መቆየት አለባቸው። ወርዋሪውን ለመጣል የሚሮጡት ተጋጣሚዎች ቦታ ሲቀያየሩ ማን ማንን እንደሚረከብ ካልተግባቡ አንዷ ክፍተት ትበቃለች። ወርዋሪው፣ የገዛ ልጁ ሸዱር፣ በዚያ ዓመት 52 ጊዜ ኳስ እንደያዘ ተጣለ። በ2024 ውጤቱ 9 ድልና 4 ሽንፈት ሆነ፤ የቡድኑ ተጫዋች ትራቪስ ሃንተርም ለዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ኮከብ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ዋንጫ ወሰደ። ሸዱርና ሃንተር ሲሄዱ፣ በ2025፣ 3 ድልና 9 ሽንፈት። ይህን ብትጽፉት ደስ ባለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ