ኢንሹራንሱ ሲቀር የምንሄድበት ክሊኒክ ሮክቪል ላይ ይወሰናል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስለ ጤና ኢንሹራንስ ወሬ ሲነሣ የሁላችንም ዓይን ዋሽንግተን ላይ ነው። ኮንግረስ ምን አለ፣ ፕሬዚዳንቱ ምን ፈረመ እንላለን። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሮክቪል ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ካውንስል እዚያ ተቀምጦ ስለ ጤናችን ይወስናል፤ እኛ ስሙንም አናነሣም።

ነገሩን ያሳሰበኝ አንድ ወዳጄ ነው። ኡበር ይነዳል። ስኳር አለበት። ጥገኝነት ተፈቅዶለታል፣ ግሪን ካርዱ ግን ገና አልመጣም። ኢንሹራንሱን ሜሪላንድ ኸልዝ ኮኔክሽን በሚባለው የግዛቱ የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ራሱ ነበር የሚገዛው። ጃንዋሪ ላይ የወር ክፍያው ሲጨምርበት “ለጊዜው ይቅርብኝ” ብሎ ተወው። አሁን መድኃኒቱ ቶሎ እንዳያልቅበት አንድ ቀን እየዘለለ ይወስዳል። ይህን የነገረኝ ቡና እየጠጣን፣ እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ክፍያው ለምን ጨመረ? የፌዴራል መንግሥት በ2021 የኢንሹራንስ ድጎማውን ከፍ አድርጎት ነበር። ያ ጭማሪ በ2025 መጨረሻ አበቃ። ሜሪላንድ ከራሷ ካዝና አውጥታ በተለይ ገቢያቸው ዝቅ ያለውን ለመደገፍ ሞክራለች፤ ለዚህ መመስገን አለባት። ሁሉንም ግን አልሸፈነችም።

የባሰው ገና እየመጣ ነው። በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ አዋቂ ግሪን ካርድ ካልያዘ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ መደበኛ ሜዲኬይድን፣ በፌዴራል ገንዘብ አያገኝም። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ደግሞ የኢንሹራንስ ድጎማውም ይቀርበታል። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት አለበት። ካመለከተ በኋላ ያለውን ጥበቃ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንቶቻችን እዚያ ሰልፍ ውስጥ እንዳለን ማየት የፈለገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሞ ይጠይቅ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ሲያመው የት ይሂድ? በእኛ ካውንቲ ከ2005 ጀምሮ “ሞንትጎመሪ ኬርስ” የሚባል ፕሮግራም አለ። ኢንሹራንስ የሌላቸውና ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አዋቂዎች በተለያዩ ክሊኒኮች እንዲታከሙ ካውንቲው ገንዘብ ይመድባል። የመኖሪያ ፈቃድ ኖረህ አልኖረህ ለመታከም መስፈርት አይደለም። ለልጆች ደግሞ “ኬር ፎር ኪድስ” አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች በየዓመቱ በጀት ይፈልጋሉ። የካውንቲው አስተዳዳሪ፣ ኤግዚኪዩቲቩ፣ ማርች አጋማሽ ላይ በጀቱን ያቀርባል። ኤፕሪል ላይ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል። ሜይ ላይ 11ዱ የካውንስል አባላት ያጸድቁታል፤ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ይውላል። የክሊኒኩ ወረፋ ማጠር መርዘሙ እዚያ ነው የሚወሰነው።

“እኔ በሥራዬ ኢንሹራንስ አለኝ፣ ምን አገባኝ?” የሚሉ ሰዎች አሉ። ያገባቸዋል። በሜሪላንድ ሆስፒታሎች የሚያስከፍሉትን ዋጋ የሚተምነው የግዛቱ ኮሚሽን ነው። መክፈል ያልቻሉ ሰዎች የታከሙበት ወጪም በዋጋው ውስጥ ይታሰባል። ወዳጄ ስኳሩን ክሊኒክ እየተመላለሰ ቢከታተል ወጪው ትንሽ ነው። ተዝለፍልፎ ኢመርጀንሲ ከገባና መክፈል ካልቻለ ግን ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ ኢንሹራንስ ያለው ሰው የወር ክፍያ ላይ ይደርሳል።

ካውንስሉ የሚወስነው ስለ ገንዘብ ብቻም አይደለም። የካውንቲው የጤና ቦርድ ሆኖ የሚቀመጠውም ራሱ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስን በ2003 ከልክሏል፤ ግዛቱ በሙሉ እስኪከለክል 2008 ደርሷል። በኮቪድ ጊዜ የጭንብሉ ትእዛዝ ኦገስት 2021 ወጣ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ተነሣ፣ ኖቬምበር ላይ ተመለሰ፣ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ቀረ። ያኔ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። የደንቡ መለዋወጥ አልከፋኝም፤ በሽታውም ይለዋወጥ ነበር። የከፋኝ የዕለቱን ደንብ ከደንበኛ አፍ መስማታችን ነው። እንጀራ ሊገዛ የገባው “ተነሥቷል” ይላል፤ ከኋላው የመጣው “ኧረ አልተነሣም” ይላል። እውነቱን ለመናገር እኛም ቀድመን አልጠየቅንም።

ይህ በኦክቶበሩ ለውጥ እንዳይደገም እፈልጋለሁ። ካውንስሉ የዘንድሮውን የክሊኒክ በጀት ሲመድብ ከሜዲኬይድ የሚወጡትን ሰዎች አስቦ ይመድብ። ማስታወቂያውም ሰው የሜዲኬይድ ካርዱ ከተዘጋበት በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ከኦክቶበር በፊት በአማርኛ ይድረሰን። ደብዳቤ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ሰው ከመንግሥት የመጣ ፖስታ መክፈት ይፈራል። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በግሮሰሪና በሬዲዮ ይነገር። ዘንድሮ የ11ዱም የካውንስል አባላትና የኤግዚኪዩቲቩ ምርጫ ነው። እጩዎች ድምፅ ፍለጋ ወደ እኛ ሲመጡ የክሊኒኩን በጀት ነገር እንጠይቃቸው።

እኔ ኤፕሪል ላይ ሮክቪል ሄጄ ለመናገር ወስኛለሁ። ወዳጄንም አብሮኝ እንዲመጣ እየለመንኩት ነው፤ በአማርኛ ይናገር፣ አስተርጓሚ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የስብሰባውን ቀንና ለመናገር የሚመዘገቡበትን መንገድ በሚቀጥለው እትማችሁ የፊት ገጽ ላይ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ