የዘይቱን ማርማላታ ያያችሁ ንገሩኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ነፍሰ ጡር ናት። የዘይቱን ማርማላታ አምሯታል። ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ያለው የእንጆሪና የብርቱካን ብቻ ነው። እሷ የምትፈልገው እናቷ መርሳ ሳሉ ይሠሩት የነበረውን ነው፤ ፍሬው በወንፊት የጠለለ፣ ሎሚ ጠብ ያለበት፣ መልኩ ሮዝ የሆነ። ስታወራልኝ እኔንም አማረኝ።

መርሳና ውጫሌ ያላችሁ፣ የሚሠራ ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ከጠፋም 2 ኪሎ ዘይቱን በሚኒባስ ላኩልኝ፣ ሒሳቡን ወዲያው እልካለሁ። እኔው እሠራላታለሁ። ሁሉም የበሰለ አይሁን፤ ጠንከር ያለው ሲቀላቀልበት ማርማላታው ጥሩ አድርጎ ይረጋል። ከስኳርና ከሎሚ ሌላ ምንም አይፈልግም። ብቻ ቶሎ ስለሚያር እያማሰሉ መቆም ነው።

በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማታም ቢሆን አያለሁ።