አዲሱ ሜሽ ዋይፋይ ሁለተኛ ራውተር አይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሲግናል ለማይደርስባቸው ክፍሎች ተብሎ የሚገዛው ሜሽ ዋይፋይ (ቤቱን በጋራ የሚሸፍኑ የዋይፋይ ሳጥኖች ስብስብ) ከካርቶኑ ሲወጣ ራውተር (ለቤቱ ዕቃዎች አድራሻ እያደለ ከኢንተርኔት የሚያገናኝ መሣሪያ) ሆኖ ለመሥራት የተሰናዳ ነው። ከኢንተርኔት አቅራቢው የተሰጠው ሞደምም ብዙውን ጊዜ ራሱ ራውተር ነው። ሁለቱን በገመድ አያይዞ የስልክ መተግበሪያው ያዘዘውን ብቻ የተከተለ ሰው ቤቱ ውስጥ ሁለት ራውተር ተክሏል፤ አድራሻ የመለወጡ ሥራ ሁለት ጊዜ ስለሚፈጸም ባለሙያዎች ድርብ ኤንኤቲ ይሉታል። ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥርም። ቆይቶ ግን ሞደሙ ላይ የተሰካው ፕሪንተር ከስልክ ፍለጋ ይጠፋል፤ ካሜራው ከውጭ አልከፈት ይላል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የሚያስበው ተጨማሪ ሳጥን መግዛት ነው። ያ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል፤ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነውና።

ማጣራቱ ቀላል ነው። በስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ የአይፒ አድራሻው (ስልኩ በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር) ይታይ። ሞደሙ 192.168.1.1 ሆኖ ስልኩ 192.168.68 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ከያዘ (ቲፒ ሊንክ ዴኮ የተባለው ሜሽ የተለመደ ቁጥር ነው) ሜሹ የራሱን ኔትወርክ ከፍቷል ማለት ነው። ፕሪንተርን የመሰሉ ዕቃዎች የሚፈላለጉበት መልእክት ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው አይሻገርም።

መፍትሔው ሜሹን አክሰስ ፖይንት ማድረግ፣ ማለትም ራውተርነቱን ለሞደሙ ትቶ ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ ማድረግ ነው። ከሞደሙ ላን ፖርት (የቤት ዕቃዎች በገመድ ከሚሰኩበት ቀዳዳ) ወደ ዋናው የሜሽ ሳጥን ካት 5ኢ የተባለው የኔትወርክ ገመድ ይዘርጋ። ብዙዎቹ መጀመሪያ በራውተርነት ተዋቅረው ካልጨረሱ ሞድ መቀየር አይፈቅዱም፤ ስለዚህ ሁሉም ሳጥኖች ተጨምረው ካለቁ በኋላ በመተግበሪያው የላቁ ቅንብሮች ውስጥ የአሠራር ሞዱ ወደ አክሰስ ፖይንት ይለወጥ። ኢሮ የተባለው ሜሽ ይህንኑ ብሪጅ ይለዋል። ሳጥኖቹ ጠፍተው ሲነሱ ስልኩ ዋይፋዩን አጥፍቶ ያብራ፤ አሁን 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ሊይዝ ይገባል። ፕሪንተሩ ላይ የድሮው አድራሻ በእጅ ተጽፎ ከነበረ እሱም ይስተካከል።

ከዚህ በኋላ አድራሻ የሚያድለው ሞደሙ ብቻ ስለሆነ የሞደሙ ዲኤችሲፒ (አድራሻ የማደል አገልግሎቱ) በፍጹም አይጥፋ። ስልኩ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካሳየ አድራሻ የሚሰጠው አጥቷል፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይኸው ነው። መጥፋት ያለበት የሞደሙ ዋይፋይ ነው፣ እሱም ሜሹ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ። ሳይጠፋ ከቀረ ስልኮች በደከመው የሞደም ሲግናል ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ሰውም ጥፋቱን በሜሹ ላይ ያላክካል።

ሌሎቹን ሳጥኖች በገመድ ማገናኘት የሚችል ሰው ያድርገው፤ ፍጥነቱ ላይ ይህን የሚያክል ለውጥ የሚያመጣ ነገር የለም። ገመዳቸውን ከዋናው ሳጥን ላይ ማስነሳቱ አስተማማኝ ነው። አንዱን ሳጥን በሁለት ገመድ ከሞደሙም ከዋናውም ጋር ማያያዝ ግን መልእክቱ ያለማቋረጥ እንዲሽከረከር ሊያደርግና ኔትወርኩን በሙሉ ሊያቆም ይችላል። ከ8ቱ ሽቦዎች አንዱ እንኳ ቢበጠስ ጊጋቢት የነበረው ግንኙነት ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል። ገመድ ከሌለ ደግሞ ሳጥኑ የሚቀመጠው ሲግናል በጠፋበት ጥግ ሳይሆን ወደዚያ በሚወስደው መንገድ መካከል፣ ገና ጥሩ ሲግናል ባለበት ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ የጉግል ሜሽ ከአንድ በላይ ሳጥን ካለው በብሪጅ ሞድ እንደ ሜሽ አይሠራም። እዚያ የሚሻለው ሞደሙን ብሪጅ አድርጎ (መስመሩን ብቻ እንዲያስተላልፍ) ራውተርነቱን ለሜሹ መተው ነው። መስመሩ ፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚከፈት የግንኙነት ዓይነት) የሚጠቀም ከሆነ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃሉ ከአቅራቢው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሜሹ አክሰስ ፖይንት ሲሆን ፋየርዎሉ (ከውጭ የሚመጣን ያልተፈለገ ግንኙነት የሚያግደው ጥበቃ) የሞደሙ ሥራ ይሆናል፤ የልጆች ቁጥጥርን የመሳሰሉት የሜሹ አገልግሎቶችም በብዙዎቹ ላይ ይቀራሉ። ሻጮችና ገጣሚዎች ይህን ለገዢው አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል። የእንግዳ ዋይፋዩም ይፈተን፦ በእሱ ተገናኝቶ 192.168.1.1ን መክፈት ከተቻለ እንግዳው ከቤቱ ኔትወርክ አልተለየም፤ እስኪስተካከል ድረስ ይዘጋ።

ከአክብሮት ጋር
የኔትወርክ ባለሙያ