ሙሌ፣ ብድር አይደለም

ሙሌ፣

ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልህ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ «ገንዘብ ፈልጎ ነው»። አይደለም። የእማማን ለቅሶ በስልክ እንኳ ሳልደርስ መቅረቴን... ስንገናኝ እንደፈለግክ ስደበኝ፤ በወረቀት አታስለምነኝ።

እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ያለን ነጋዴዎች ማኅበር አቋቁመናል። ሊቀመንበር ሁን አሉኝ። እኔን! የክፍል አለቃ ሆኜ በሁለተኛው ሳምንት ያለቀስኩትን! እስከ እሁድ መልስ ስጥ ተብያለሁ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ትናንት ሱቁን ለልጁ ትቼ፣ የተጠበሰ በቆሎዬን ይዤ ጂቫንጂ መናፈሻ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ወንጌል ሲሰብክ፣ እዚያ ማዶ ያሉት በመንግሥት ሲከራከሩ የሚውሉባት ቦታ ናት። የስሟ ባለቤት ከያዘኝ ሰንብቷል፤ አሊባይ ሙላ ጂቫንጂ፣ የካራቺ ህንድ ነው። በፈረንጅ 1890 ሞምባሳ ገባ። እንግሊዞች የኡጋንዳን ባቡር ሲዘረጉ ሠራተኛና ስንቅ አቀረበላቸው። በ1901 ጋዜጣ አቋቋመ፤ ያ ጋዜጣ ዛሬ «ስታንዳርድ» ይባላል። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ በርበሬ የምጠቀልለው በሱ ነው (ሰውየው ይቅር ይበለኝ)።

መናፈሻዋን በ1906 በገዛ ገንዘቡ አሠርቶ ለከተማው ሰጠ፤ የንግሥት ቪክቶሪያንም ሐውልት አቆመባት። ለገዢዎቹ! እዚህ ላይ ናቅኩት። ኋላ ግን ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ግማሽ ኪሎ ይርጋጨፌ በብብቴ እንደምሸጉጥ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ከዚያ ሕግ አውጪው ምክር ቤት አስገቡት፤ ነጭ ካልሆነ ሰው የመጀመሪያው እሱ ነው። አስበው፣ ብቻውን እነሱ መሀል ሲቀመጥ። ደጋው መሬት ለነጭ ብቻ ነው ብለው ህንዶቹን ሲከለክሉ፣ በ1910 ለንደን ድረስ ሄዶ በጋዜጣ አሰማቸው። የሞተው በ1936፣ ጃንሆይ በተሰደዱበት ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ከሀብቱ ብዙው ሄዷል።

ይሄን ለባለቤቴ ባወራላት ሽንኩርቷን መክተፉን ሳታቆም «አየህ!» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም ያልነገርኳት አለ፤ በ1991 መናፈሻዋን ፎቅና መኪና ማቆሚያ ሊያደርጓት ሲነሱ፣ የልጅ ልጁ ዘሪና ፓቴል ተሟግታ ካስቀሩት አንዷ ናት። ይሄው እኔ በቆሎዬን የምግጠው እዚያ ነው። ለምን እንዳልነገርኳት ታውቃለህ?

ስለፈለግኩት ነው፣ ሙሌ። ሊቀመንበርነቱን። ሰው ፊት «አይ፣ እኔ ምን አውቄ» እያልኩ ማታ ማታ ንግግር እለማመዳለሁ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ። እንዳትስቅ።

አንተ ታውቀኛለህ፤ ይሆንልኛል? ስልኬ ያው የድሮው ነው። ከቅዳሜ በፊት ደውል። ያለብኝንም ብር አልረሳሁም፤ እሱን ግን ዛሬ አታንሳብኝ።

ያው የድሮው፣
የክፍል አለቃህ