«ምግብ ቤት ነው እንዴ?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ እናት ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ምግብ ቤት ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ሆስፒታል ራሱ ካርድ ክፍል ነበር ያስቀመጠኝ።

አሁን አራት ኪሎ አካባቢ የስኳር ሕሙማንን አማክራለሁ። የተማርኩበት መጽሐፍ ስለ አጃና ስለ ድንች ነበር የሚያወራው። የኔ ታካሚ ግን 55 ቀን ሁዳዴ ይጾማል። ጠዋት መድኃኒቱን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ስኳሩ ወርዶ ላብ በላብ ሆኖ የመጣ አለ። እኔም ከሐኪሙ ጋር የመድኃኒቱን ሰዓት እንነጋገራለን። ከዚያ በእንጀራ እለካለሁ፦ ሁለት የነበረው አንድ ይሆንና ጎመኑና ምስሩ ይጨመራል። (ሽሮው ዘይት ከበዛበት እቆጣለሁ።)

ተማሪዎች «ከምን እንጀምር?» ይሉኛል። ዋርድ ግቡ፣ ከሐኪም ጋር ዙሩ እላለሁ። የሥራ መደቡን ግን ሆስፒታሎች መቼ ነው የሚከፍቱልን?

ከአራት ኪሎ