ስፌቱን አትተርትሩት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

በስልክ ያልሽኝ ነገር አላስተኛኝ ብሎ ነው የምጽፍልሽ። የመጀመሪያ አልበማችሁን የሚቀርጸው ሰውዬ፣ ዘፈኑንና ከሱ የሚቀጥለውን የፓይፕ፣ የዚያን ባለ ወናፍ ዋሽንት፣ ዜማ ለያይታችሁ ሁለት ትራክ አድርጉት ብሏችኋል። ሰው እስከዚያ ድረስ አይታገስም ነው ምክንያቱ። እኔም «እሱ ያውቃል» ብዬሽ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ቆጨኝ። በአማርኛ የምጽፈው ደግሞ ፊደሉን እንዳትረሺው ነው፣ አታኩርፊ።

ያ ጥቁር ሸክላ ትዝ ይልሻል? ፕላንክስቲ የሚባለው የአይሪሽ ባንድ የመጀመሪያ አልበም። ቡዙኪ፣ ያን ባለ አውታር መሣሪያ፣ መማር የጀመርሽ ሰሞን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛሁልሽ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ያን ጊዜ የአይሪሽ ሙዚቃ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት ደብሊን ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ ከየመጠጥ ቤቱ በር ሲወጣ እሰማዋለሁ፣ ግን አዳምጬው አላውቅም። ሸክላውን ለአንቺ ብዬ ገዛሁት፣ ተይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

የዚያን ሸክላ የመጀመሪያ ትራክ እስቲ መልሰሽ ስሚው። የባንዱ ዘፋኝ ክሪስቲ ሙር የሚዘፍነው ስለ አንዲት እመቤት ነው። ባሏን፣ ቤቷን፣ የላባ ፍራሿን ጥላ ጂፕሲ ከሚባሉት ዘላኖች ጋር ትሄዳለች። ዘፈኑን ያገኘው ከጆን ራይሊ ነው፤ ራይሊ ትራቨለርስ ከሚባሉት ተጓዥ አይሪሾች ወገን ነበር፣ በ1969 በድህነት ሞተ። አልበሙ በ1973 ሲወጣ አልነበረም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ታዲያ ዘፈኑ ሲያልቅ ሙዚቃው አይቆምም። ሩጫው ይበርዳል፣ ምቱ ይለወጣል፣ የሊያም ኦፍሊን ፓይፕ መሪነቱን ይይዝና ሌላ ዜማ ውስጥ ትገቢያለሽ። የዜማው ስም በአይሪሽ ቋንቋ «እጅሽን ስጪኝ» ማለት ነው። የደረሰው ሩሪ ዳል ኦካሃን የሚባል በገና ደርዳሪ ነው ይላሉ፤ «ዳል» ማለት ዓይነ ስውር ነው። ትውፊቱ እንዲህ ነው፦ ስኮትላንድ ውስጥ አንዲት ትልቅ እመቤት ተራ ሰው መስሏት «በል ተጫወት!» ብላ አዘዘችው። እሱም የመኳንንት ዘር ነበርና አኩርፎ ወጣ። ማንነቱን ስትሰማ ይቅርታ ጠየቀችው። ይህን ዜማ የሠራው ያኔ ነው፣ ለዕርቅ።

ገባሽ? አንዷ እመቤት በሩን ዘግታ ትወጣለች፣ ለሌላዋ እጅ ይዘረጋላታል። የባንዱ ልጆች ይህን አስበው ያገጣጠሙት ይሁን ወይስ ጣታቸው መርቷቸው፣ ለእኔ ለውጥ የለውም። መሃሉን ብትቆርጪው ግን ሁለት ጥሩ ቁራጭ ይተርፍሻል እንጂ ያ ነገር የለም።

የባንዱ ስምም ያስቀኛል። «ፕላንክስቲ» ብሎ ዜማ መሰየም የተርሎክ ኦካሮላን ልማድ ነበር። በ18 ዓመቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋው በገና ደርዳሪ። በፈረስ ከቤት ቤት እየዞረ ላበላው ላጠጣው ጌታ በስሙ ዜማ ይሠራለት ነበር። አዝማሪ በይው። እኔ ይህን ባወቅሁ ቀን ነው ከዚህ አገር ሙዚቃ ጋር የታረቅሁት።

ስለ ቡዙኪሽ ደግሞ አንድ ነገር። ባለፈው አንዱ «ይህ ሙዚቃ የእናንተ አይደለም» እንዳለሽ ነግረሽኝ ነበር። ቡዙኪ እኮ የግሪክ ነው! አየርላንድ ሙዚቃ ውስጥ የገባው በ1960ዎቹ ነው። የባንዱ ዶናል ላኒ ባይዘው ኖሮ ያ ሸክላ ያ ሸክላ አይሆንም ነበር። ሌላው የባንዱ ልጅ አንዲ አርቪን ራሱ የለንደን ተወላጅ ነው፣ ባልካን ዞሮ ዞሮ የዚያን አገር ምት ይዞ መጣ። ለሚጠይቅሽ ሰው ይህን ንገሪው፣ በጨዋ ደንብ።

ፓይፑን የሚጫወተው ጓደኛሽን በርታ በይልኝ። ወናፉን በክንዱ እየጫነ ላቡ ጠብ ሲል ሳየው ያሳዝነኛል። ፓይፕ ለመቻል 21 ዓመት ይፈጃል ይላሉ፤ ሰባት ለመማር፣ ሰባት ለመለማመድ፣ ሰባት ለመጫወት። ይህን እንኳ ባትነግሪው ይሻላል።

ሰው አይታገስም ላለው ሰውዬ ግን አንድ ወሬ አለኝ። ፕላንክስቲ ገና አልበም ሳይኖራቸው በ1972 እዚያው አንቺ ያለሽበት ጎልዌይ ዶኖቫን ከሚባለው ታዋቂ ዘፋኝ በፊት መድረክ ወጡ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። አርቪን የመድረኩ መብራት ዓይኑን ስለወጋው ሕዝቡ አይታየውም፣ ረብሻ የተነሳ መስሎት ፈራ። ለካ ደስታ ኖሯል። ያውም ሕዝቡ ከዚያ በፊት ሰምቷቸው ለማያውቃቸው ልጆች።

ቅዳሜ ዕረፍት ነኝ፣ ሸክላውንም ማጫወቻውንም ይዤ እመጣለሁ። እንደ ተሳፋሪ ተቀምጬ የሰው አነዳድ ማየት ያንገበግበኛል፣ ግን ምን ይደረግ። ሰውዬውን አስቀምጣችሁ አሰሙት፣ እኔ አንድ ቃል አልናገርም። መርፌው አርጅቷል፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይዘላል፣ የመጀመሪያውን ግን እስከ መጨረሻው ደህና አድርጎ ይጫወታል።

እናትሽ በርበሬ ልካለች።

አባትሽ