ያልተረጋገጠ የመድኃኒት ትዕዛዝ ከታካሚው ጋር አብሮ አይውጣ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሆስፒታሎቻችን ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒዩተር እየተሸጋገሩ ስለመሆናቸው የሚጻፈውን ሁሉ በትኩረት እከታተላለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ካርድ መጥፋቱ መቅረቱ፣ ወረፋው ማጠሩ፣ አለዚያም መብራት በጠፋ ቁጥር «ሲስተም የለም» መባሉ ነው። በሆስፒታል ፋርማሲ ለዓመታት የሠራሁ ባለሙያ እንደመሆኔ ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሲስተሙ ያለ አንዳች እክል በሚሠራበት ሰዓት የሚደርስ ስህተት ነው። እርሱን ለአንባቢዎቻችሁ እንዳስረዳ ትፈቅዱልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሐኪም በኮምፒዩተር የሚጽፈው የመድኃኒት ትዕዛዝ በቀጥታ ወደ ታካሚው አይሄድም። አስቀድሞ በፋርማሲው ስክሪን ላይ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይሰለፋል፤ ፋርማሲስቱ የታካሚውን ዕድሜና ክብደት፣ የኩላሊቱን ሁኔታ፣ የአለርጂ ታሪኩን፣ አብረው የሚወሰዱትን ሌሎች መድኃኒቶች አገናዝቦ ሲያረጋግጠው ብቻ ሥራ ላይ ይውላል። ይህ ብዙ ሰው ያዳነ አሠራር ስለሆነ እንዲቀር አልጠይቅም። አደጋው የሚመጣው ትዕዛዙ ገና ተሰልፎ ሳለ ዋርዱ ታካሚውን «ወጥቷል» ብሎ የመዘገበ እንደሆነ ነው። እኔ የምሠራበት ሶፍትዌር በዚያች ቅጽበት ያልተረጋገጠውን ሁሉ በራሱ ይዘጋል፤ ላዘዘው ሐኪምም፣ ለነርሷም፣ ለፋርማሲስቱም የሚደርስ መልእክት የለም።

ያየሁትን ልናገር። በልጅነቷ የያዛት የቶንሲል ሕመም የልቧን ቫልቭ የጎዳባት አንዲት ወጣት እናት ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ትወስድ ነበር። ተኝታ ስትታከም የጥርስ ሥር ኢንፌክሽን ስለተገኘባት ሜትሮኒዳዞል ተጀመረላት። ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚያዳክም፣ የዋርፋሪኑ መጠን ሳይቀነስ ሁለቱ አብረው ከተወሰዱ ደም ከሚፈለገው በላይ ይቀጥናል። ይህን የተገነዘቡት ሐኪሟ በምትወጣበት ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ዋርፋሪኑን ወደ 2.5 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርገው አዘዙ። በፋርማሲው የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ባለቤቷ ሂሳብ ከፍሎ፣ ክሊራንስ አስፈርሞ፣ የኮንትራት ታክሲ በር ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነርሷ መውጣቷን መዘገበች፤ ትዕዛዙ ግን እኛ ዘንድ ገና አልተነካም ነበር። ታካሚዋ ይዛው የሄደችው የመውጫ ወረቀት 5 ሚሊ ግራም ይል ስለነበር በወረቀቱ መሠረት ወሰደች፤ በስድስተኛው ቀን ድድዋ እየደማ ተመለሰች። ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውና ከ2 እስከ 3 መሆን የሚገባው የአይ ኤን አር ውጤቷ ከ7 በላይ ሆኖ ተገኘ። በጊዜ በመድረሷና ቫይታሚን ኬ በመሰጠቷ ተርፋለች። መዝገቡን ስንከፍት ከአዲሱ ትዕዛዝ ጎን «ተቋርጧል» የሚል ቃል፣ ያቋረጠው ሰው ስም በሚሰፍርበት ቦታ ደግሞ «ሲስተም» የሚል ቃል አገኘን።

የተዘጋው አዲሱ ትዕዛዝ ከሆነ አሮጌው እንዴት ቀረ? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፤ የጉዳዩም ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ መጠን መለወጥ ማለት የቀድሞውን ሰርዞ በቦታው መጻፍ አይደለም። አዲስ ትዕዛዝ ይፈጠራል፤ የቀድሞው ደግሞ አዲሱ እስኪረጋገጥ ድረስ ጸንቶ ይቆያል፤ ይህም የሆነው ታካሚው በመሀል ያለ መድኃኒት እንዳይቀር በቅን ታስቦ ነው። ታካሚው ቀድሞ ከወጣ ግን አዲሱ ይዘጋል፤ የመውጫ ወረቀቱም በመጨረሻ የተረጋገጠውን፣ ማለትም ሐኪሙ አይስማማም ብለው የተዉትን መጠን ይዞ ይታተማል። ኢንሱሊኑ እንዲቀነስለት የታዘዘ የስኳር ታካሚም፣ ኩላሊታቸው በመድከሙ ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒታቸው የተቀነሰላቸው አዛውንትም በዚሁ መንገድ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችላሉ።

ትዕዛዞቹ በራሳቸው እንዲዘጉ የጠየቅነው እኛው ፋርማሲስቶች መሆናችንን መደበቅ አልፈልግም፤ ከጠያቂዎቹም አንዱ እኔ ነበርኩ። ሶፍትዌሩ በተጀመረበት ሰሞን የወጡ ታካሚዎች ትዕዛዞች ከሰልፉ ስለማይነሱ፣ የሌሊት ተረኛው ቤታቸው ለገቡ ሰዎች መድኃኒት ያረጋግጥ፣ ባዶ አልጋ ላይ ላለ ስም ያወጣ፣ ያልተወሰደ መድኃኒትም በሂሳብ ያስመዘግብ ነበር። ይህን ለማስቀረት ስንጠይቅ ሁሉንም ትዕዛዝ በአንድ ዓይን አየነው። ማታ ሊሰጥ የነበረ የሴፍትሪያክሶን መርፌ ወይም ግሉኮስ ታካሚው ከወጣ በኋላ ቢዘጋ ማንንም አይጎዳም። ታካሚው ቤቱ ሆኖ የሚቀጥለውን መድኃኒት የሚመለከት ትዕዛዝ ግን ሰው ሳይወስንበት መዘጋት አልነበረበትም።

የሀገራችን ፋርማሲስቶች ተጠያቂነት ያለበት አሠራር መዘርጋት ያውቁበታል። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነስቶ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው፣ በምህፃሩ ኤ ፒ ቲ ኤስ የምንለው አሠራር፣ ከመደርደሪያ የወጣ እያንዳንዱ መድኃኒት ለማን፣ በስንት፣ በማን እጅ እንደተሰጠ እንዲታወቅ አድርጓል። የምንቆጥረው ግን የወጣውን ነው። መውጣት ሲገባው ያልወጣው፣ መለወጥ ሲገባው ያልተለወጠው በየትኛውም የወር መጨረሻ ሪፖርት ላይ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «ጉዳት የማያስከትል መድኃኒት» በሚል መሪ ሐሳብ ዘመቻ ሲጀምር ቅድሚያ ከሰጣቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ታካሚ ከአንድ የሕክምና ቦታ ወደ ሌላው ወይም ወደ ቤቱ የሚሸጋገርበት ጊዜ ነበር፤ እኔም የምናገረው ስለዚያው ሰዓት ነው።

ለሆስፒታሎች የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴዎችና ሶፍትዌሩን ለሚሠሩልን ባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ዋርዱ የመውጫውን ቁልፍ ሲጫን ሶፍትዌሩ ያልተረጋገጡትን ትዕዛዞች በዝርዝር ያሳይ፤ ወደ ቤት በሚሄዱት ላይ ወይ ፋርማሲስቱ ያረጋግጥ፣ ወይ ያዘዙት ሐኪም ምክንያት ጽፈው ይሰርዙ፤ የመውጫ ወረቀቱም ከዚያ በፊት አይታተም። እነዚህ ትዕዛዞች በፋርማሲው ሰልፍ ከሌሎቹ ቀድመው ይታዩ። አስቸኳይ ሁኔታ ቢያጋጥምና ታካሚው የግድ መሄድ ቢኖርበት፣ መንገዱን የሚከፍተው ባለሙያ በስሙ ይፈርም እንጂ «ሲስተም» አይፈርም።

አልጋ የሚጠብቅ በሽተኛ በኮሪደር ላይ እያለ የሚወጣውን ማዘግየት ጭካኔ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሥጋታቸው እውነት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ የፋርማሲስቱ ቁጥር ካልጨመረ ወረፋው ወደ ዋርዱ በር እንደሚዛወር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ኃላፊዎች ሶፍትዌሩን ሲያስተካክሉ የተረኛ ድልድሉንም አብረው ማየት ይኖርባቸዋል። አንድን ትዕዛዝ ለማረጋገጥ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ድድዋ እየደማ የተመለሰችው እናት ግን እንደገና አልጋ ይዛ ተኝታለች።

ማስተካከያው እስኪመጣ ድረስ ያለ ምንም ወጪ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ከዚያች ታካሚ በኋላ በየማለዳው 2 ሰዓት ላይ ባለፈው ቀን «ሲስተም» የዘጋቸውን ትዕዛዞች አውጥተን እናነባለን፤ ወደ ቤት የሚሄድ መድኃኒት ያለበትን ስም ለይተን ሐኪሙን እንጠይቃለን፤ ከዚያም ለታካሚው እንደውላለን። በካርዱ ላይ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ወይም የወንድም ስለሚሆን፣ በመውጫው ዕለት ታካሚው ራሱ የሚያነሳውን ቁጥር ጠይቆ መመዝገብ ግድ ሆኖብናል። በሌሎች ሆስፒታሎች የምትሠሩ ባልደረቦቼ የእናንተን ሶፍትዌር መዝገብ ከፍታችሁ «ተቋርጧል» ከሚለው ጎን የማን ስም እንዳለ ነገ ጠዋት እንድታዩ እለምናችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሆስፒታል ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ